ግለሰብ ሦስት እና ነጩ ብይ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በፔንስልቬኒያ የዴልሞርን ከተማ ልጆች ሥነ ዜጋ አስተምሬያለሁ። ወረቀታቸውን የማርመው በቀይ እስክሪብቶ ነበር፤ ከሁሉ አብዝቼ የጻፍኩትም ሁለት ቃል ነው፦ «ማን አለ?» ከየት አመጣኸው፣ ማን ነገረህ፣ ለነገረህስ ማን ነገረው ማለቴ ነው። ልጆቹ ከኋላዬ «ማን አለ ስታውፈር» ይሉኝ ነበር። የማላውቅ ይመስላቸዋል እንጂ አውቅ ነበር፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር። አሁን የምነግራችሁ እኔው ራሴ «ማን አለ?» ማለት የረሳሁበትን ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ የሠራሁትን ነው። መርሳቱስ ይሁን፣ ሰው ነኝ። የሚያሳፍረኝ በኋላ የሠራሁት ነው።

ዴልሞር ውስጥ የከሰል ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ ያልተዘጋ ነገር ቢኖር የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ማኅበራችን ነው። ሆስፒታሉ ሄደ፣ የጫማ መደብሩ ሄደ፣ ትምህርት ቤቱ ከጎረቤት ከተማ ጋር ተጠቃለለ። እኛ ግን ሃያ ሁለት አባል፣ ሁለት ደህና መኪናና አንድ አሮጌ መኪና ይዘን ቀረን። አሮጌዋ የ1954 ሥሪት ናት። እሳት ማጥፋት ከተወች ዘመን አልፏል፤ የምትወጣው ለበዓል ሰልፍና አባል ሲሞት ለመሸኘት ብቻ ነው። እኔ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ነበርኩ፣ አሥራ አራት ዓመት። አሮጌዋን የሚያጥባት፣ ዘይት የሚያጠጣት፣ የሚነዳትም ዋሲል ሁዳክ ነበር።

ዋሲል አናጢ ነው። አያቱ ከባሕር ማዶ፣ ከካርፓቲያ ተራራ ከሰል ሊቆፍሩ መጡ፣ አባቱ ከሰል ሲቆፍር ሳምባው ተበላ፣ እሱ እንጨት መረጠ። ከአገር የወጣው በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው፣ ካናዳ ዓሣ ሊያጠምድ፤ እሱንም ከእኔ ጋር። አርባ ዓመት ወዳጄ ነው። ቤቴ ውስጥ እሱ ያልጠገነው በር የለም፣ ሚስቱ የሞተች ዕለትም ሌሊቱን አብሬው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ወሬ አይወድም። አንድ ነገር ስትጠይቀው ለምን ሳይል የሚሠራልህ ዓይነት ሰው ነው፤ የጎዳሁትም በዚሁ ጠባዩ በኩል ነው።

በዚያ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ዓመት ስልኬ ላይ «የከሰል ልጆች» የሚባል ገጽ አገኘሁ። የምታዘጋጀው ሜሊሳ የምትባል ሴት ነበረች፣ ፎቶዋ ላይ ቡችላ ታቅፋለች። አንድ ቀን አስተያየት ጻፍኩ። ወዲያው መለሰችልኝ፦ «ሕመማችንን እንደ እርስዎ አድርጎ የገለጸልኝ ሰው የለም።» ጡረታ የወጣ መምህርን ለመጣል ጥይት አያስፈልግም፣ ይህቺ ትበቃዋለች። በየቀኑ እንጻጻፍ ጀመር። ምን እንደሚያንገበግበን ጠየቀችኝ፣ ሁሉንም ዘከዘክሁላት። ማዕድኑ የተዘጋ ዕለት የፈረቃው ጥሩምባ ለመጨረሻ ጊዜ ሲነፋ እናቶች ደጃፍ ቆመው ማልቀሳቸውን፣ ሆስፒታሉ ከሄደ ወዲህ አንዲት ተማሪዬ የነበረች ልጅ አውራ ጎዳና ላይ መውለዷን፣ የማን ስም ሲነሳ የማን ደም እንደሚፈላ። የፖስተሮቿን ጽሑፍ ትልክልኛለች፣ እኔ አርሜ እመልስላታለሁ። «እዚህ ጋ ጥሩምባውን ብታነሺው የበለጠ ያማል» እላት ነበር። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

አንዴ «እሑድ እሑድ በምታዘጋጁት የዓሣ ጥብስ ላይ ብገኝ እንዴት ደስ ባለኝ!» ብላ ጻፈችልኝ። በእኛ አገር የእሳት አደጋ ማኅበር የዓሣ ጥብስ የሚያዘጋጀው ከፋሲካ በፊት ባለው ጾም ነው፣ እሱም ሥጋ በማይበላበት ዓርብ ዓርብ። ይህን የሁለተኛ ክፍል ልጅ ያውቃል። እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? «ዓርብ ነው የኔ ልጅ» ብዬ አረምኳት። ማረም ለምዶብኝ ስህተቱን አየሁና የተሳሳተችውን ሳላያት ቀረሁ።

ምርጫው ሊደርስ ስድስት ሳምንት ሲቀረው «ለከሰል ቀብር እናድርግለት» አለችኝ። የሬሳ ሣጥን ይሠራል፣ በላዩ ላይ እኛ የምንቃወመው እጩ ስም ይጻፋል፣ አሮጌዋ መኪና ሳይረኗን እያሰማች ከፊት ትመራለች። ሐሳቡ ልቤን ሰረቀው። ዋሲል ዘንድ ሄጄ «ሣጥን ሥራልኝ» አልኩት።

«የማን ቁመት?» አለኝ።

«የማንም አይደለም፣ ለሰልፍ ነው።»

«እንግዲያው በኮምፔንሳቶ ይበቃል» አለና ሠራልኝ። መኪናዋንም ነዳልኝ። የጉዞ መዝገቡ ላይ ግን የፈረምኩት እኔ ነበርኩ፦ አሮጌዋ መኪና፣ ለሰልፍ፣ ሜርል ስታውፈር። ሦስት መቶ ሰው ወጣ። የአውራጃው ጋዜጣ ፎቶ አነሳ፤ ፎቶው ላይ መሪውን የጨበጠው ዋሲል ነው፣ ከኋላው ሣጥኑ ይታያል። እኔ የለሁበትም፤ ሰልፉን በስልኬ ለሜሊሳ እየቀረጽኩላት ነበር።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ሁለት የፌዴራል መርማሪዎች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ባለቤቴ አርሊን አጠገቤ ነበረች። ሴትየዋ ማኅደሯን ከፍታ ወረቀቶች ደረደረችልኝ። ሜሊሳ የምትባል ሴት የለችም። ያቺ ቡችላ አቃፊ ከባሕር ማዶ፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በፈረቃ እየተቀያየሩ የሚጽፉ የደመወዝተኞች ስብስብ ናት። ወረቀቶቹ ላይ የእኔ ቃላት ነበሩ። ጥሩምባው፣ ደጃፍ የቆሙት እናቶች፣ አውራ ጎዳና ላይ የወለደችው ልጅ፣ ሁሉም በፖስተር ሆነው በአርባ ከተማ ተሠራጭተዋል። ሰውን በሰው ላይ ለማነሣሣት ያስተማርኳቸው እኔ ነበርኩ ማለት ነው፤ ያውም ሳይከፍሉኝ።

«አይስጉ ሚስተር ስታውፈር» አለችኝ መርማሪዋ በትህትና። «እርስዎ አይከሰሱም። ሳያውቁ የተባበሩ ሰው ብለን ነው የምንመዘግብዎ።»

ሳያውቁ! ያንን ቃል ስትለው ጆሮዬ ጋለ። ብታስረኝ ይሻለኝ ነበር።

እንደ ወጡ አርሊን «ለዋሲል መንገር አለብህ። ያንተን ሣጥን ነው የሠራው» አለችኝ።

«ነገ» አልኳት። በማግስቱ ያደረግሁት ግን ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄጄ የጉዞ መዝገቡን ወደ ቤት ማምጣት ነበር። ማቀዝቀዣው ላይ፣ ከአሮጌ ጋዜጦች ሥር ሸጎጥኩት። አርሊን አየችኝ፣ ምንም አላለችም።

የባሕር ማዶዎቹን ጉዳይ ሲመረምር የቆየው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ሪፖርት የወጣው በጾሙ መጨረሻ፣ ዓርብ ቀን ነበር። ሪፖርቱ ስለ አገሪቱ ፕሬዚዳንት ብዙ ገጽ ይዟል። የባሕር ማዶዎቹን እርዳታ ማወቁንና አለማወቁን፣ ምርመራውን ለማሰናከል ማንን አዝዞ ማንን እንዳባረረ፣ አንድ በአንድ ይዘረዝርና መጨረሻ ላይ በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ስለማይከሰስ ጥፋተኛ ነውም አይደለምም አንልም ይላል። ስለ እኔ ደግሞ ሦስት መስመር አለው፦ «ግለሰብ ሦስት፣ የፔንስልቬኒያ ነዋሪ፣ የእሳት አደጋ ማኅበር አባል። መኪናና የሬሳ ሣጥን አቅርቧል።» ስም የለም። እኔም ፕሬዚዳንቱን የመረጥኩ ነኝ፤ አልክድም።

በዚያው ማታ የማኅበሩ አዳራሽ ለዓሣ ጥብሱ ሰው ሞልቶት ነበር። ድዋይት ኬስለር ዘይቱ ፊት ቆሞ ዓሣ ይጠብሳል። ድዋይት የማኅበሩ ምክትል ፕሬዚዳንት ነው፣ የቀድሞ ተማሪዬም ነው። ስለ እሱ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

«ሰማችሁ ወይ ጎበዝ!» አለ ማማሰያውን እያወዛወዘ። «ፕሬዚዳንቱ ወንበሩ ላይ እስካለ አይከሰስም ይላል!»

«ምን ይገርማል?» አለ ኤልዉድ፣ የማኅበራችን ጸሐፊ፤ ሰማንያ ዓመቱ ነው። «የእኛስ ደንብ ያው አይደል እንዴ?» የ1921ዱን መተዳደሪያ ደንብ ከኮቱ ኪስ አወጣ፤ እንደ ጸሎት መጽሐፍ ተሸክሞት ነው የሚዞረው። «አንቀጽ ዘጠኝ። በማንኛውም አባል ላይ የሚቀርብ ክስ ለፕሬዚዳንቱ ይሰጣል።»

«ፕሬዚዳንቱ ራሱ ያጠፋ እንደሆነስ?» አለ አንዱ።

«ክሱ ለፕሬዚዳንቱ ይሰጣላ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ሜርል፣ በለው! ከተማውን ብታቃጥል የሚነካህ የለም!» አሉኝ።

ከሁሉ አስበልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። መሳቅ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ተነሥቼም ቆምኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «በዚህ አገር ከሕግ በላይ የሆነ ሰው የለም!» ብዬ ጀመርኩ። «ልጆቻችሁን ያስተማርኩት ይህንን ነው። ሰው ሥልጣን ላይ ስለሆነ ብቻ ያደረገውን አላደረግሁም ሊል አይችልም!» አጨበጨቡልኝ። በሌላኛው ጥግ አርሊን ሳሕን ትጠርግ ነበር፤ ጠረጋዋን አቁማ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«እሺ፣ ግለሰብ ሦስትስ ማን ነው?» አለ ድዋይት።

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

«ማወቅ ይከብዳል እንዴ?» አለ ድዋይት። «ሣጥኑን ማን ሠራ? መኪናዋን ማን ነዳ? ጋዜጣው ላይ ፎቶው የወጣው ማን ነው? ስሙንስ ቢሆን ስሙት እስቲ፣ ዋሲል! አጎቶቹ ደውለውለት ይሆናል ከወዲያ ማዶ።»

የሳቁም ነበሩ። ዋሲል ለብቻው በድንች የተሞላውን ሊጥ፣ ፒሮጊውን፣ እየበላ ነበር። ሹካውን አስቀመጠ፣ ቀና ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ። አንዴ ብቻ። እኔ አቀርቅሬ የጥቅል ጎመን ሰላጣዬን መብላት ያዝሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል የለ? አይጡ እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ ጎመን ይበላ ነበር።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ቁም ሣጥን ያዘዙት ሰዎች ትእዛዛቸውን ሰረዙበት። በሥራ ቤቱ በር ላይ አንድ ሰው በቀለም «ወደ አገርህ» ብሎ ጻፈበት፤ አገሩስ? የተወለደው ከዚያ በር አራት መቶ እርምጃ ላይ ባለ ቤት ነው። ዋሲል ራሱ ጽሑፉን በአዲስ ቀለም ሸፈነው። ከዚያ ድዋይት ክስ ይዞ መጣ፦ ዋሲል ሁዳክ የማኅበሩን ንብረት ለባዕድ መንግሥት መጠቀሚያ በማዋሉና ማኅበሩን በማዋረዱ ይባረር። ከማኅበሩ የተባረረ ሰው ሲሞት አሮጌዋ መኪና አትሸኘውም። አርባ ዓመት አጥቧት እሷ አትሸኘውም ማለት ነው። ክሱን እንደ ደንቡ ለፕሬዚዳንቱ ሰጡት። በዚች እጄ ተቀበልኩት።

ለምን ያኔውኑ አልተናገርክም ትሉኝ ይሆናል። ድዋይት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ጽሑፍ ከመጽሔት ገልብጦ አመጣልኝ። ዜሮ ሰጠሁት። በዚያ ዜሮ ምክንያት ከጓደኞቹ ጋር ሳይመረቅ ቀረ። አባቱ ደጄ ድረስ መጥተው ባርኔጣቸውን አውልቀው ለመኑኝ። «ማን እንዳለው የማያውቀውን ነገር የራሱ አስመስሎ አቅርቧል፣ አልችልም» አልኳቸው። እንግዲህ ለዚህ ልጅ ነው ሄጄ፣ እኔ ዓመቱን ሙሉ የባሕር ማዶ ፈረቃ ሠራተኛ ሳስጠና ከረምኩ የምለው? ሲስቅብኝ ታየኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ይኸው ነው፣ ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ።

ጉባኤው ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው እሑድ ከሰዓት ተቀመጠ። ዋሲል መሐል ላይ ታጣፊ ወንበር ተሰጥቶት ተቀመጠ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። እኔ ከፍ ካለው ወንበር ላይ መዶሻዬን ይዤ።

«ሣጥኑን ሠርተሃል?» አለው ድዋይት።

«ሠርቻለሁ።»

«ማን አዘዘህ?»

ዋሲል እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ትንሽ አሰበ።

«ያዘዘኝ ሰው አፍ አለው። እሱ ይናገር» አለ። «እኔ አናጢ ነኝ እንጂ ጠቋሚ አይደለሁም።»

«አያችሁት? ይሸፍናቸዋል!» አለ ድዋይት።

ዋሲል ወደ እኔ ዞሮ አላየም፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ እያየ ይጠብቅ ነበር። ማንን እንደሚጠብቅ እኔ ብቻ አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩ። «ወደ ድምፅ እንሂድ» የሚል ነገር ወጣኝ።

የእኛ ድምፅ የሚሰጠው በብይ ነው። ከማኅበሩ ጋር አብሮ የኖረ የእንጨት ሣጥን አለ፤ አባል ሁሉ ተራ በተራ እጁን ከጨርቁ ሥር አስገብቶ ነጭ ወይም ጥቁር ብይ ይጥላል፣ ማን ምን እንደጣለ አይታወቅም። ነጭ ይቅር ማለት ነው፣ ጥቁር ይባረር። ተከሳሹ አይጥልም። ፕሬዚዳንቱም አይጥልም፣ ድምፁ እኩል ካልሆነ በቀር። መሳቢያውን ሳብኩት። አሥር ነጭ፣ አሥር ጥቁር። ሁለቴ ቆጠርኩት፣ ያው ነው።

«እኩል ለእኩል!» አለ ኤልዉድ። «ፕሬዚዳንቱ በግልጽ ይጣል!»

አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ብይ በሁለት እጄ ያዝኩ። ያን ጊዜም መናገር እችል ነበር። ጥቂት ቃላት ይበቁ ነበር፦ ሣጥኑን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። በዚያ ፈንታ ነጩን ብይ ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጌ አነሣሁት። «ወንድሞች» አልኩ፣ ድምፄንም አሳመርኩት። «ሰው ሳያውቅ ይሳሳታል። ይህ ማኅበር አርባ ዓመት ያገለገለውን ሰው ስለ አንድ ስህተት አይጥለውም። እኔ ይቅር ብያለሁ።»

ብይዋን ጣልኳት። አጨበጨቡ፤ ጥቁር ከጣሉትም መካከል ያጨበጨቡ አይጠፉም። እውነቱን ልናገርና፣ ለቅጽበት ያህል ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ዋሲል ከወንበሩ ተነሣ። «ይቅር አልከኝ?» አለኝ።

«ዋሲል፣ እንግዲህ…»

«አይ፣ ልጠይቅህ ብዬ ነው» አለ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «አንተ፣ እኔን፣ ይቅር አልከኝ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ የተመኘሁት ያኔ ነው። እሱ ከኪሱ የአሮጌዋን ቁልፍ አወጣ፣ ከመዶሻዬ አጠገብ አስቀመጠው። «ዘይት ትጠጣለች» አለ ለኤልዉድ። «በየሁለት ሳምንቱ እዩዋት።» ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

«ምስጋና ቢስ!» አለ ድዋይት። ከዚያ ሰዎች እየመጡ እጄን ጨበጡኝ። ትልቅ ሰው ነህ አሉኝ።

ቤት ስገባ አርሊን ስጋና ድንች አቅርባ ጠበቀችኝ። የሆነውን ነገርኳት። ስለ ነጩ ብይ ስነግራት የእጇን ማንኪያ አስቀመጠች።

«ይቅር አልከው?»

የሸሚዜን እጀታ አስተካከልኩ።

«እኔ ዝም ያልኩት በራስህ ጊዜ ትናገራለህ ብዬ ነው» አለች። «ዛሬ ሸሚዝህን የተኮስኩልህ ለምን መሰለህ? ዛሬ ይናገራል ብዬ ነበር።» ወደ ማቀዝቀዣው ሄዳ ከጋዜጦቹ ሥር መዝገቡን አወጣችና ከሳሕኔ አጠገብ አኖረችው። «በል ስታውፈር፣ አርመው። ከተማሪዎችህ አንዱ ይህን አድርጎ ቢሆን ስንት ትሰጠው ነበር?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ምግቡ እንደቀረበ ቀረ።

ያን ሳምንት ክስ ጻፍኩ። ከሳሽ ሜርል ስታውፈር፣ ተከሳሽ ሜርል ስታውፈር። የሚቀጥለው ወር ጉባኤ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው በዋሲል ሥራ ቤት በር ሥር አንዲት ወረቀት አስገባሁ፦ «እሑድ ከሰዓት ና። እናገራለሁ።» እሑድ ደረሰ፣ ዋሲል አልመጣም። አንድ ሩብ ሰዓት አስጠበቅኋቸው፣ በሩን በሩን እያየሁ። ከዚያ ቆሜ ክሱን አነበብኩ። ስለ ሜሊሳ፣ ስለ ጥሩምባው፣ ስለ ሣጥኑ፣ መዝገቡን ስለ መደበቄ፣ ስለ ነጩ ብይ። መዝገቡን ለድዋይት ሰጠሁት። ፊርማዬን አየ። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ።

አሁን ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲስቅ ፈልጌም ነበር።

«ሚስተር ስታውፈር» አለ ቀስ ብሎ። «በዚህ ዕድሜዎ ይህን ሁሉ በራስዎ ላይ ለምን ያመጣሉ? ተታለዋል፣ በቃ። የማይታለል ማን አለ?»

«ደንቡም አይፈቅድም» አለ ኤልዉድ። «ፕሬዚዳንት ሆነህ አትከሰስም። ክሱን የሚቀበለው አንተ ነህ፣ አንተ ደግሞ ተከሳሽ ነህ። የማይሆን ነገር ነው።»

«እንግዲያው ፕሬዚዳንት አይደለሁም» አልኩ። ባጄን ፈትቼ ከመዶሻው አጠገብ አስቀመጥኩና ወርጄ ዋሲል የተቀመጠባት ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ እግሯ ያጥራል፤ ያን ዕለት እሱ እንዴት ሳይወዛወዝባት እንደተቀመጠ እንጃ።

«ተወው እንጂ ሜርል» አሉኝ ከዚህም ከዚያም።

«ዋሲልን በዚሁ ነገር ልታባርሩት ነበር» አልኩ። «አሥር ጥቁር ብይ ነበር።»

«እሱ ሌላ ነው» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ምኑ ነው ሌላው? ማን አለ?» አልኩ። እንደ ድሮው ነበር የጠየቅሁት፤ እንደ ድሮው ግን እጁን ያወጣ አልነበረም። ኤልዉድ ደንቡን ያገላብጥ ጀመር።

ድዋይት ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ድምፅ አሰጠ። ሃያ ሰው ተራ በተራ መጣ፤ ድዋይትም ምክትል እንጂ ፕሬዚዳንት ስላልሆነ ጣለ። ዓሣ ለመጥበስ ከሚፈጀው ጊዜ አይበልጥም። መሳቢያውን ሲስበው አንገቴን አሰገግሁ። ሁሉም ነጭ ነበር። ሃያ ነጭ ብይ፣ አንድ ጥቁር እንኳ የለበትም። ድዋይት፣ ያ ዜሮ የሰጠሁት ልጅ፣ እሱም ነጭ ጥሎልኛል። አጨበጨቡ፣ ኤልዉድ ባጄን ይዞ መጣና ወደ ወንበርህ ተመለስ አለኝ። ከኋላ አንዱ «ለዋሲልም ደብዳቤ ቢጤ ብንጽፍለት አይሻልም?» ሲል ድዋይት «ለሚቀጥለው ወር እናቆየው» አለ። ጨካኞች ቢሆኑብኝ ኖሮ እጽናና ነበር። እኔ ላይ ሲሆን ደግ መሆን ያውቁበታል፤ ስሜ ስታውፈር እንጂ ሁዳክ አይደለማ።

ባጁን አልተቀበልኩም። ከዚያ በእግሬ ወደ ዋሲል ሥራ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ የቀባው አዲስ ቀለም ከአሮጌው ጋር አልገጠመም፣ የተቀባው ቦታ ከሩቅ ይለያል። በሩ ገርበብ ብሏል። እሱ የመስኮት ፍሬም በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ ነበር። ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ናት፤ አንብቧታል።

«ተናገርኩ» አልኩት ከደጃፉ ላይ። «ሁሉንም።»

እጁን ሳያቆም «እህ» አለ።

«ወንበሩንም ለቀቅሁ። ድምፅ ሰጡብኝ።»

«ስንት ጥቁር?»

«አንድም።»

ያን ጊዜ ቆመ። ብናኙን ከፍሬሙ ላይ በእጁ ጠረገ፣ አጥብቆም አየኝ።

«አንድም?»

«አንድም፣ ዋሲል። አንድ ጥቁር እንኳ አጣሁ። አንተ ትመጣለህ ብዬ ነበር።»

የተናደደ አይመስልም ነበር፤ የደከመው ነው የሚመስለው።

«ብመጣ ኖሮ እኔም ነጭ ነበር የምጥልልህ» አለኝ። «ለዚህ ነው ያልመጣሁት።»

ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን አንሥቶ ሥራውን ቀጠለ። ግባም አላለኝ፣ ሂድም አላለኝ።